ላሜራ የሌለው መኪና ማሳው የት ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ አንድ ጋራዥ የገባችው መኪና ጣሪያዋ ከሰው ደረት አይበልጥም። ሁለት በር ናት፣ አፍንጫዋ ዝቅ ያለ፣ ሞተሯ ከኋላ። የሠሪዋ ምልክት ከፊት ኮፈኗ ላይ ተነቅሎ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። አካሏን በጣት ሲያንኳኩት እንደ ላሜራ አይጮህም፤ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው፣ ፋይበር ግላስ ስለሆነ። ባለቤቱ ያመጣት ከደሴ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ፍሪሲዮኑ በተለቀቀ ቁጥር ሁለመናዋ ይንቀጠቀጣል።

እንዲህ ያለች መኪና ስትመጣ "ማን ሠራት?" ብሎ መጀመር ጊዜ ይበላል። የሚጠቅመው ጥያቄ "ምኗ ከየት መጣ?" የሚለው ነው። ትንንሽ ወርክሾፖች በጥቂት ቁጥር ከሠሯቸው የስፖርት መኪኖች ብዙዎቹ የራሳቸው ሞተርም ካምቢዮም የላቸውም። በዌልስ ከ1959 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. የተሠራው ጊልበርን መጀመሪያ የቢኤምሲና የኤምጂ፣ በኋላ የፎርድ ቪ6 ሞተር ነበር የሚጫንበት። የእንግሊዙ ማርኮስ ሻንሲውን ከኮምፔንሳቶ ሠርቶ የቮልቮ 1.8 ሊትር ሞተር የገጠመበት ጊዜ አለ። ሌላው የእንግሊዝ መኪና ክላን ክሩሴደር የትንሿን ሂልማን ኢምፕ ሞተር ተሸክሟል። የብራዚሉ ፑማ በጀርመኑ ዲኬደብሊው ጀምሮ ወደ ቮልስዋገን ዞረ። የጊልበርን መለዋወጫ ጠፋ ማለት የኤምጂ መለዋወጫ ጠፋ ማለት አይደለም።

የኮምቦልቻዋን መኪና ማንነት ለማወቅ ሁለት ነገር በቃ። አንደኛው የኋላ ወንበሩን ማንሳት ነው። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር መሀል ለመሀል በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር ተመትቷል፤ እዚያው ተገኘ። ሁለተኛው ሜትር ነው። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 240 ሳንቲሜትር ከሆነ ሻንሲው ያልተቆረጠ ቮልስ ነው። ሜየርስ ማንክስ በምትባለው የአሜሪካ የአሸዋ መኪና ላይ እንደተደረገው 36 ሳንቲሜትር ያህል ተቆርጦ የተበየደም ስላለ ይህ መለካት አለበት። በተቆረጠ ሻንሲ ላይ የቮልስ የፍሪሲዮን ወይም የነዳጅ መስጫ ኬብል ገዝቶ መግጠም ትርፉን የሚያደርጉበት ማጣት ነው። ይቺ ግን 240 ሞላች።

የመንቀጥቀጡ ምክንያት በትክክል ተገኘ። ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ጎማዎች ዘይት ጠጥተው ልፍስፍስ ብለዋል። ሞተር ወረደ፣ ካምቢዮም ወረደ፣ ጎማዎቹ ተቀየሩ። ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ረዳቱ ከካምቢዮው የፊት ጫፍ ወደ ሻንሲው የምትሄድ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች፣ አረንጓዴ ዝገት የበላት አጭር ሽቦ ፈትቶ ይዟል።

"ጋሼ፣ ይቺስ?"

ዋና መካኒኩ ከካምቢዮው ሥር ሆነው አዩዋትና "ማሳ ናት፣ ለላሜራ። እዚህ ላሜራ የታለ? ተዋት" አሉ።

ማሳ መካኒኮች የባትሪውን ኔጌቲቭ መመለሻ የሚጠሩበት ስም ነው። መልሳቸው ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ ይመስላል፤ አካሉ ፋይበር ግላስ ከሆነ ከእሱ ጋር የሚገናኝ ማሳ አያስፈልግም። ነገር ግን ያቺ ሽቦ ከአካሉ ጋር ጉዳይ የላትም። ሞተሩና ካምቢዮው ሻንሲው ላይ የተቀመጡት በጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ባትሪው ኔጌቲቩን ያሰረው ሻንሲው ላይ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ የታሰረው ካምቢዮው ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ድልድይ ያቺ ጉንጉን ብቻ ናት። ጎማዎቹ አዲስና ድፍን ሲሆኑ ደግሞ ብረት ከብረት የሚነካካበት አጋጣሚ እንኳ አይኖርም።

ሁሉም ተመልሶ ተገጠመ። ቁልፍ ሲዞር ሞቶሪኖው እያቃሰተ ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። "ባትሪው ነው፣ አብሽር" ተባለ ባለቤቱ። ከአንድ ቶዮታ ፒክአፕ በጃምፐር ተሰጣት። ፖዘቲቩ ባትሪው ላይ፣ ኔጌቲቩ ሞተሩ ብረት ላይ ተነከሰ፤ ወዲያው ተነሳች። መልሱ በሙሉ እዚያ ነበር፤ ኔጌቲቩ ሞተሩን በቀጥታ ሲነክስ የጎደለችውን ድልድይ ተክቷል። ያ መቆንጠጫ ባትሪው ላይ ተነክሶ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ አትነሳም ነበር፣ ጥርጣሬውም ያኔውኑ ይመጣ ነበር። የሆነው ግን ባትሪው ሞቷል ተብሎ አዲስ መገዛቱ ነው።

አዲሱ ባትሪ ጠንካራ ነው፣ ጉዳቱም በዚያው ልክ ሆነ። ቁልፉ አሥር ሰከንድ ያህል ተይዞ ሲዞር ከነዳጅ መስጫው ሥር ነጭ ጭስ ወጣ። ረዳቱ ፔዳሉን ሲነካው ያቃጥላል። ሞቶሪኖ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ ኃይል መመለሻ ሲያጣ በሚያገኘው ብረት ይመለሳል፤ ከካርቡራተሩ በነዳጅ መስጫ ኬብል፣ ከካምቢዮው በፍሪሲዮን ኬብል አድርጎ ወደ ፔዳሎቹ፣ ከዚያ ወደ ሻንሲው። ቀጭኑ ኬብል እንደ ምድጃ ሽቦ ይግላል። በቮልስ ሻንሲ ላይ የነዳጁ ቧንቧም በዚያው በመሀለኛው ቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በላሜራ ቮልስም ይህ ይደርሳል፤ ፋይበር ግላስ ላይ ግን እሳቱ አካሉን ራሱን ይበላዋል፣ የመስታወቱን ክር የሚያያይዘው ሙጫ የሚነድ ነገር ነውና። ለዚያን ቀን የተረፈው ባትሪው ከሥሩ የሚቀመጥበት የኋላ ወንበር ገና ስላልተመለሰ ነው። ረዳቱ እጁን ሰዶ የኔጌቲቩን ተርሚናል ነቀለው።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ ኬብሎቹ እስኪቀዘቅዙ ጠበቀ። ተርሚናሉን መለሰና ሞተሩ እንዳይነሳ ለካንዴላዎቹ ኃይል የሚሰጠውን የቦቢናውን ሽቦ ፈታ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ (መቆንጠጫው ላይ ሳይሆን ራሱ ምሰሶው ላይ)፣ ሌላውን የሞተሩ ገላጣ ብረት ላይ አሳርፎ ለሁለት ሰከንድ ብቻ አስዞረ። ጤነኛ መኪና ላይ ከግማሽ ቮልት በታች ነው የሚነበበው። እዚህ 4 ቮልት ተኩል አለ። ከ12ቱ ቮልት ከሦስት አንድ እጅ በላይ መመለሻው ላይ እየቀረ ነበር። ይህ ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ባትሪ ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበትም እሱ ነበር።

አሮጌዋ ጉንጉን ከቁርጥራጭ ብረት መሀል ተፈልጋ ብትገኝም ክሯ አልቋል። በምትኳ 25 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የባትሪ ገመድ ሁለቱ ጫፉ ላይ በቡሎን የሚታሰር የመዳብ ካፒኮርዳ ተጨፍልቆበት ተገጠመ። የሚታሰርባቸው ሁለት ቦታዎች ቀለማቸው እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቁ፣ ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይገባ ግሪስ ተቀባ። ካምቢዮው ስለሚነቃነቅ ገመዱ ትንሽ ልቅ መሆን አለበት፤ ተወጥሮ ከታሰረ ይበጠሳል። ሁለቱም ኬብሎች ተቀየሩ። የግለት ምልክት ያለበትን ኬብል ዘይት ቀብቶ መመለስ ከንቱ ነው፣ ክሩ ለስልሶ ዳገት መሀል ይበጠሳል። የነዳጁ ቧንቧ ሁለት ጫፍ ላይ ያሉት ጎማዎችም አብረው ተቀየሩ። እንደገና ሲለካ 0.2 ቮልት አነበበ።

የመካኒኩ ጥያቄ፣ "ላሜራ የታለ?" ያሉት፣ ቦታው መብራቶቹ ላይ ነበር። ቮልስ ላይ እያንዳንዱ አምፖል በላሜራው በኩል ማሳ ያገኛል። የዚች መኪና መብራቶች የታሰሩት ፋይበር ግላስ ላይ ነው፣ ማሳቸውን ከአምፖል አምፖል ሲቀባበሉ ኖረዋል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ይበራ የነበረው ለዚህ ነው፤ 21 ዋቱ የፍሬን አምፖል መመለሻ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል ክር በኩል ይመለሳል። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ አምፖል አስቀይሯል። ለእያንዳንዱ መብራት፣ ለጥሩምባው፣ በሳልባትዮው (በነዳጅ ታንኩ) ላይ ላለው የነዳጅ መለኪያ ጭምር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቡናማ ሽቦ ተጎተተና ሁሉም ሻንሲው ላይ በአንድ ቡሎን ታሰሩ። ቡናማ የተመረጠው ቮልስዋገን ማሳን በዚያ ቀለም ስለሚያወጣ ነው፤ ነገ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ሲከፍተው ይገባዋል።

ላሜራው ሲሄድ አብሮት የሄደ ሌላም ሥራ ነበር። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ በዙሪያው ያለው ላስቲክ ከላሜራው ጋር ገጥሞ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ ይዘጋል። እዚህ በላስቲኩና በፋይበር ግላሱ መካከል ሁለት ሳንቲሜትር ክፍተት ነበር። ሐረጎ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 የሚወጣ ነው፣ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል፤ የራሱን ትኩሳት መልሶ የሚስብ ሞተር እዚያ ላይ ይቃጠላል። ክፍተቱ ወፍራም የበር ላስቲክ ተቆርጦ ተዘጋ። ባለቤቱ በማግስቱ ማታ መብራት አብርቶ ወደ ደሴ ወጣ።