ሰባት፣ ጂ፣ አራት፣ ቪ

ጎንደር ልሄድ መሆኑን የሰማ ጓደኛዬ ለእናቱ ያሠራውን መነጽር አስያዘኝ። «አድራሻውን በቴሌግራም እልክልሃለሁ» አለ። የላከው ግን አድራሻ አይመስልም። ቁጥርና ፊደል ተደበላልቆ መሀሉ ላይ የመደመር ምልክት ገብቶበታል። ሲጀምር 7ጂ4ቪ ይላል።

አዘዞ ኤርፖርት ወርጄ ፒያሳ ማደሪያ ያዝኩ። ቡናዬን ጠጣሁና ባጃጅ ጠራሁ።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

ስልኬን አሳየሁት። «የመኪና ታርጋ ነው?» አለኝ።

ፕላስ ኮድ ይባላል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለሌለው ሰፈር ተብሎ ከጉግል የወጣ ነው። ምድርን በትናንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፍላታል። አሥሩም ምልክት ሲሟላ አንዱ ማዕዘን 14 ሜትር በ14 ሜትር ያህል ነው። በድንገት ስድብ ሆኖ እንዳይነበብ አናባቢ ፊደላትን አስቀርተውበታል (ይህቺን ጥንቃቄ ወድጃታለሁ)። ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የመሀል ጎንደር ኮድ ሁሉ በ7ጂ4ቪ ስለሚጀምር፣ «ጎንደር» ካልክ አራቱን መተው ትችላለህ።

ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ «እሺ ጋሼ፣ ግን በየት በኩል ነው?» አለ።

ጥምቀተ ባሕርን አልፈን ወደ ቁስቋም አቅጣጫ ወጣን። መንገዱ እየጠበበ ሄደና ባጃጇ ቆመች። በስልኬ 60 ሜትር ቀርቶናል። ፊት ለፊታችን ግን ገደል ነው። ነጥቡ አልዋሸም፤ ቤቶቹ ማዶ ይታያሉ፣ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር። ኮዱ የት እንደሆነ ነገረኝ እንጂ እንዴት እንደሚደረስ አልነገረኝም።

ጌሾ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ አየችን። «የማንን ቤት ነው?»

የጓደኛዬን ስም ነገርኳት። አታውቀውም። የእናቱን ስም ነገርኳት። አሰበች። አባቱ ሾፌር እንደነበሩ ስነግራት ፊቷ በራ። «የሟቹ ሾፌር ቤት! ምነው ቀድመህ አትልም? ተመለሱና ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ላይ ታጠፉ። እዚያ ጠይቁ።»

ሰውየው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ግን ይሄ ለጎንደር ምንም አይደለም። እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር እጨጌው (የመነኮሳቱ አለቃ) የሚኖሩበት፣ ሸሽቶ የገባ ሰው የማይነካበት ግቢ ነበር። እጨጌው ከሄዱ ስንት ትውልድ አለፈ፤ ስማቸው ግን ዛሬም አድራሻ ነው። አቡን ቤትም እንደዚያው። ደግሞስ «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከመስፈር አይደል የመጣው? ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ከመርጋታቸው በፊት ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ነበር፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። መኳንንቱም ሠራዊቱም ከንጉሡ ድንኳን ግራና ቀኝ ቦታ ቦታው ስለሚታወቅ፣ ሰፈሩ የትም ቢተከል ሰው ሰውን አያጣም። የቤት ቁጥር ማን ይፈልጋል?

ቁጥርማ አለ። ወፍጮ ቤቱ አካባቢ በየበሩ የቀበሌ ቆርቆሮ ተለጥፏል። ቀበሌ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ጋር የመጣ ነው፣ የቤት ቁጥሩም በቀበሌ ነው የሚሰጠው። ከተቆጠረ በኋላ የተሠራ ቤት ግን ከሰልፉ ይወጣል። አዲስ አበባ ያለችው የእኔ መታወቂያ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ትላለች። ቤቱ 20 ዓመት አልፎታል።

እናትየው በሩን የከፈቱት ውሻው ጮሆ ጮሆ ከደከመው በኋላ ነው። ግንባሬን ሳሙኝ። መነጽሩን አደረጉ፣ ወደ ግድግዳው ፎቶ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ወይ ልጄ፣ ለካ ሽበት አለህ!»

ከዚያ ልጃቸው የላከውን አሳየኋቸው። ስልኩን አቅርበውም አርቀውም ሞከሩ።

«መነጽሩ ደህና ነው፣ ጥርት አድርጎ ያሳያል» አሉ። «ይሄ ግን ምንድን ነው?»

«ቤትዎ ነው፣ እማማ።»

ሳቁ። ቡና ሊያፈሉ ተነሡና ከጓዳ ሆነው «በል፣ ሌላ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ፤ ውሻው ገና አያውቅህም» አሉኝ።