ጋቢ፣ በሶ እና 16 ካስማ

«ድንኳን ልገዛ ነው» ስላት እማዬ ስልኩ ላይ ፀጥ አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። አዲስ አበባ ባደግኩበት ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው። ደህና ቤት ያለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ሙዚቃ ልስማ ብሎ፣ ሜዳ ላይ አምስት ሌሊት ያድራል ብሎ በስልክ ማስረዳት ቀላል አይደለም። በማግስቱ ግን ራሷ ደወለች። «የከተራ ለት ጃንሜዳ እንደማደር ነው በይኛ!» አለች። ገብቷታል። ዓላማው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ውጭ አድሮ ለሚያነጋ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ግን ያው ነው። የሚሞቅ ልብስ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ ስንቅ፣ አብሮ የሚያመሽ ሰው።

የምሄደው ግላስተንበሪ ወደሚባለው የሙዚቃ በዓል ነበር። ለንደን ስኖር ስንት ዓመት በቴሌቪዥን ብቻ አየሁት። ቦታው እንግሊዝ ውስጥ ሱመርሴት በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ፒልተን መንደር አጠገብ ነው። ዎርዚ ፋርም ይባላል። እውነተኛ የወተት ላሞች እርሻ ነው። ባለቤቱ ማይክል ኢቪስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1970 የመጀመሪያውን ዝግጅት ሲያደርግ መግቢያው አንድ ፓውንድ ነበር፤ ለመጣው ሰው ደግሞ ከእርሻው ወተት በነፃ ይታደል ነበር። ያኔ 1,500 ያህል ሰው ነበር የመጣው። አሁን ሠራተኛውን ጨምሮ 200,000 የሚያልፍ ሕዝብ ይሰፍርበታል። ለአምስት ቀን ከተማ ይሆናል፤ ከዚያ ላሞቹ ይመለሳሉ። በየተወሰነ ዓመቱ ደግሞ በዓሉ ይቀርና ሜዳው ጦም ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲያ ሆኗል፣ 2026ም የዕረፍቱ ዓመት ነው። ይህን ነገር ሳነብ ነው ልቤ የሄደው። መሬት ማረፍ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ያዘጋጀው ድግስ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከትኬቱ ነው፣ ያውም ከሰባት ወር በፊት። ቀድሞ በፎቶ መመዝገብ ግዴታ ነው። ትኬቱ ላይ የራስህ ፎቶ ይታተማል፤ ለሌላ ሰው መስጠትም ሆነ አትርፎ መሸጥ አይቻልም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ትኬት መግዛት ይችላል። እኛ አራት ነበርን፤ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ እና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ። ለ2025ቱ በዓል ሽያጩ የተከፈተው በ2024 ኅዳር ላይ፣ እሑድ ጠዋት ነበር። አራታችንም የየራሳችን ኮምፒውተር ላይ ተጥደን ጠበቅን። በግማሽ ሰዓት ትንሽ ዘለል ባለ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ተሽጦ አለቀ። ለእኛ የደረሰን በአክስቴ ልጅ በኩል ነው፤ ጩኸቷን ጎረቤት ሰምቷል። ዋጋው 373 ፓውንድ ከ50 ነበር፤ አምስት ፓውንድ የአገልግሎት ይጨመርበት ነበር። ደግነቱ በመጀመሪያ የሚከፈለው 75 ፓውንድ ነበር። ቀሪውን እስከ ሚያዝያ ድረስ እንደ እቁብ በየወሩ እያዋጣን ሞላነው።

ከዚያ በኋላ ጓዝ።

የገዛነው ድንኳን «ለ4 ሰው» የሚል ነው። ይህን ቁጥር አትመኑት። አራት ሰው የሚችለው እንደ ሲጋራ ተደርድረን ሻንጣችንን ውጭ ብንጥል ነው። ለሁለት ሰውና ለሁለት ቦርሳ ልክ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ድንኳን ገዛን። ሌላው ማየት ያለባችሁ ቁጥር 3,000 ሚሊሜትር የሚለው ነው። የጨርቁን ውሃ የመቋቋም አቅም ይናገራል። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጫነው ሳያስገባ ይችላል ማለት ነው። የእንግሊዝን ሰኔ ስለማውቅ ከዚያ በታች አልወረድኩም።

ስንቁን የላከችልኝ እማዬ ናት። ሰው ሲመጣ ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ እና ጋቢ ላከችልኝ። እውነቴን ነው፣ ከካምፕ ዕቃ መደብር ከገዛሁት ሁሉ ይህ በለጠብኝ። መደብሩ ውስጥ ውሃ ሲጨመርበት ምግብ የሚሆን ደረቅ ነገር በየከረጢቱ ይሸጣል፣ ውድ ነው። በሶም እኮ ያው ነው! ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፤ እሳት አይፈልግም፣ ፍሪጅ አይፈልግም። ክዳን ባለው ኮዳ ውስጥ ከውሃ፣ ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር አድርገህ ስትንጠው ቁርስ ነው። ማር ካለ ደግሞ ምን ይፈለጋል። ዘመቻ የሄደም፣ ሩቅ መንገድ የተጓዘም ሰው በዚህ ነው የኖረው። የመስታወት ጠርሙስ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ አዋዜውን ከብልቃጡ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ገለበጥኩት። ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሸግኩ፤ ቦርሳ ውስጥ የፈሰሰ አዋዜ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጋቢው ግን አሳሰበኝ። ጥጥ ነው። ደረቅ ከሆነ እንደ እሱ የሚያሞቅ የለም፤ ሱመርሴት ውስጥ የሰኔ ሌሊት 10 ዲግሪ አካባቢ ሊወርድ ስለሚችል በጣም ያስፈልገኛል። ከረጠበ ግን ድንጋይ ያህል ይከብዳል፣ ድንኳን ውስጥም አይደርቅም። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ፌስታሎች ውስጥ ደራርቤ ከትቼ፣ አየሩን በጉልበቴ ተጭኜ አስወጥቼ አሰርኩት። ተጣጥፎ ትንሽ ትራስ አከለ።

ሌላውን ቶሎ ልበለው። የጎማ ቦቲ ጫማ ከወፍራም ካልሲ ጋር። በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፤ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ሁለቱም እጅህ ነፃ ይሁን። ፓወር ባንክ። የጆሮ መድፈኛ። ሶፍት በብዛት። የፀሐይ ክሬምና የዝናብ ልብስ አንድ ላይ፣ ምክንያቱም ሁለቱም በአንድ ቀን ሊያስፈልጉ ይችላሉ። ውሃ መያዣም አትርሱ፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ እዚያ አይሸጥም፣ ከቧንቧ በነፃ ትቀዳለህ። ሜዳ ላይ መሽናት ደግሞ ክልክል ነው። ላም የሚግጥበት ሣር ነው፣ ወንዝም አለበት። ይህን ሕግ ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ አባዬ ልምጣ።

አባዬ ለብዙ ዓመት የሰፈራችን እድር ድንኳን ተካይ ነበር። ሰው ሲያርፍ ጡሩምባው ሳይነፋ በፊት እሱ ነው የሚጠራው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ካስማ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ያ ከባድ ሸራ፣ የምሰሶው የዛፍ ሽታ፣ መዶሻው ብረቱን ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ድንኳኑን አክስቴ ጓሮ ሣሩ ላይ ልንሞክር ወጣንና በቪዲዮ ደወልኩለት።

መጀመሪያ የተቆጣው በካስማው ነው። «ቀጥ አድርገሽ አትምቺው! ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ይበል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይግባ። ገመዱ ሲስበው እንዲነክስ ነው እንጂ እንዲነቀል ነው እንዴ?» አስተካከልኩት። ቀጥሎ በሩን ጠየቀኝ። «ነፋሱ ከየት ነው? ጀርባውን ስጪው።» ሣር በጥሼ ወደ ላይ በተንኩና አቅጣጫውን አየን። በሩን አዞርነው።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ዝናብ እንሥራ ብላ የጓሮውን ጎማ ከፈተችበት። ውሃ አላስገባም። ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ ጣሪያው ረግቦ፣ የውጭው ጨርቅ የውስጡን ሊነካ ደረሰ። ከነካ ደግሞ ያንጠባጥባል። አባዬ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ዝም ብሎ አየው። «የእኛ ተቃራኒ ነው» አለ በመጨረሻ። የእድሩ ገመድ ከቃጫ የተሠራ ነበር፤ ሲረጥብ ያጥራል። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ገመዱን ላላ ያደርገው ነበር፤ አለዚያ ካስማውን መንግሎ ያወጣል። ይህ ናይለን ግን ሲረጥብ ይለጠጣል። «እንግዲህ አንቺ ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ዞር ብለሽ ወጥሪው» አለኝ። ድሮ እሱ ሌሊት ተነስቶ ለቅሶ ቤት ሄዶ ገመድ ሲያላላ ትዝ አለኝ። ያኔ ለምን እንደሚነሳ አልጠየቅኩትም ነበር።

ልምምዱ ሌላም ነገር አሳየን። ካስማዎቹ 16 ናቸው፤ ትርፍ የሚባል የለም። ሄደን ስድስት ጨመርን። የሙሉ ቦርሳውን ክብደት ለማየት ደግሞ መናፈሻ ውስጥ ለ40 ደቂቃ ተሸክመን ሄድን፤ ከመግቢያው እስከ ሰፈራ ቦታው ያን ያህል ሊያስኬድ ይችላል ስለተባለ። ስመለስ ሁለት ጥንድ ጂንስና ትልቁን ፎጣ አወጣሁ። በሶውን አልነካሁትም።

ረቡዕ ከንጋቱ በፊት ተነሳን። በሩ የሚከፈተው ጠዋት ነው። ከፓዲንግተን ወደ ካስል ኬሪ የሚሄደው ባቡር በቦርሳና በቦቲ ጫማ ተሞልቶ ነበር። ለንደን ባቡር ውስጥ ሰው ከሰው አያወራም፤ ያን ቀን ሁሉም ያወራል። አንድ አዛውንት ስንተኛ ጊዜያችሁ ነው አሉን። የመጀመሪያችን ነው ስንላቸው ደስ ብሏቸው ከቦርሳቸው ካርታ አወጡ።

በመስኮት የሱመርሴትን አረንጓዴ እያየሁ ስለ ባዝ አሰብኩ። ከተማዋ ከዚያ ሩቅ አይደለችም። ጃንሆይ ጣሊያን አገሩን ሲወር ተሰደው የኖሩት እዚያ ነው፣ ፌርፊልድ ሀውስ በሚባል ቤት፣ ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ.። ኋላ ቤቱን በ1958 ለከተማው አረጋውያን ሰጥተውታል። ባለፈው ፀደይ ሄጄ አይቼዋለሁ። ያኔ እዚህ አገር መምጣት ለእኛ ሰዎች ስደትና ብርድ ነበር። እኔ ዛሬ ሙዚቃ ልሰማ በዚያው ምድር አልፋለሁ። ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ትቼ ማውራት አልቻልኩም።

ከካስል ኬሪ አውቶቡስ በነፃ ያደርሳል። በሩ ላይ ፎቷችንን ከፊታችን ጋር አመሳከሩ፣ ቦርሳ ፈተሹ። ፈታሿ ልጅ በሶውን ከፍታ አሸተተችና «ምንድን ነው?» አለችኝ። የተቆላ ገብስ ነው፣ እናቴ ናት የላከችው አልኳት። ፈገግ ብላ አሰረችልኝ።

ከዚያ ኮረብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ ሸለቆው ተገለጠ። ጠዋት ነው፣ ገና ድንኳኑ ጥቂት ነው፤ ሰው ግን በየአቅጣጫው እንደ ገበያ ቀን ይፈሳል። የፒራሚድ ቅርፅ ያለው ዋናው መድረክ ከሩቅ ያበራል። አራታችንም ቦርሳችንን አውርደን ቆምን። ማንም ምንም አላለም።

ዝቅ ያለ ቦታ አትያዙ ተብለናል፤ ዝናብ ከመጣ ውሃው ወደዚያ ነው የሚወርደው። ከፍ ያለች ቦታ አገኘን። ሣር በትኜ ነፋሱን አየሁ፣ በሩን አዞርኩ። ካስማዎቹን ዘንበል አድርጌ በቦቲዬ ረገጥኳቸው። በ20 ደቂቃ ሁለቱም ድንኳን ቆመ። ጎረቤቶቻችን የእነሱ ምሰሶ ጠፍቶባቸው ሲጨነቁ ሄደን አገዝናቸው፤ ሁለት ካስማም ከትርፉ ሰጠናቸው። በሺህ ድንኳን መካከል የራሳችንን እንድናውቀው የአክስቴ ልጅ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ያለውን ነጠላዋን ረጅም እንጨት ላይ አሰረችው። ነፋሱ ወዲያው ያዘው።

አባዬ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ለቪዲዮ አልበቃም፣ ድምፁ ብቻ ነው የመጣው።

«ጀርባውን ለነፋስ ሰጥተሻል?»

«ሰጥቻለሁ አባዬ።»

«ስንት ካስማ መታችሁ?»

«16። ሌላኛውም 16 ነው።»

«ጻፊው። ስትነቅሉ ቆጥራችሁ ንቀሉ። ላም የሚገባበት ሜዳ ነው አላልሽም? አንድ ብረት ሣር ውስጥ ከቀረ እግሯን ይወጋታል።»

ለቅሶ ቤትም ይህን ያደርግ ነበር። ሦስተኛው ቀን አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ሀዘንተኛው ገና እያለቀሰ፣ እሱ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ካስማ ይቆጥራል። ልጆች ባዶ እግራቸውን የሚሮጡበት ግቢ ነበር።

ማርከር አወጣሁና ከድንኳኑ በር በስተውስጥ፣ ስገባም ስወጣም እንዳየው፣ «16» ብዬ ጻፍኩ። የአክስቴ ልጅ ኮዳውን እየናጠች ነው። ከታች ከሸለቆው በኩል የሆነ ሰው ከበሮ መሞከር ጀምሯል።