አምስት ዙር

ስለ መሥሪያ ቤታችን አሳንሰር ዳግመኛ አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ቃሌን አፍርሻለሁ። ዛሬም ቆሟል። ከእንቅልፌ ከተነሳሁ ጀምሮ ያለ ምክንያት ከፍቶኝ ስለ ዋለ፣ በሩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ሳይ ማንንም ሳልራገም ደረጃውን ተያያዝኩት። ቢሯችን ሰባተኛ ፎቅ መሆኑን ታውቃላችሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ቀድሞ የከዳኝ ጉልበቴ ሳይሆን አፌ ነው። ምላሴ ላይ የብረት ጣዕም መጣ፤ የዛገ ሚስማር የላስኩ ያህል። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አዛውንቱ ጥበቃችን ሃያ ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ከኋላዬ ደረሱና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ቀስ በይ፤ ፎቁ የትም አይሄድብሽ» ብለውኝ አለፉ። ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም።

ጣዕሙን ግን አወቅኩት። ከሃያ ዓመት በላይ አልቀመስኩትም፤ ቢሆንም ወዲያው ነው ያወቅኩት። የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሩጫ ጣዕም ነው።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ ማጋነን አያስፈልገውም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስፖርት የደረሰን ዕለት ሜዳው ላይ ያለው ሣር ውርጭ መትቶት ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የትምህርቱ ስም ረጅም ነበር፤ ጤናም ነበረበት፣ ሰውነት ማጎልመሻም ነበረበት። ለእኛ ስፖርት ነው። መምህሩም ለእኛ «ፊሽካው» ነበር። ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ ያየው ሰውም የለም።

እኔ የደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ይህን ለማታስታውሱ ልጆች፦ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የሁሉም ትምህርት ውጤት ተደምሮ ተካፍሎ ከአንደኛ እስከ ስልሳ ሰባተኛ እንሰለፍ ነበር፤ በዚያ ድምር ውስጥ ስፖርትም እንደ ፊዚክስ እኩል ከመቶ ይያዛል። ፊዚክስ ዘጠና አምስት ያመጣ ልጅ በስፖርት ሰባ ተሰጥቶት ሲንሸራተት ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ የደረጃ ተማሪዎች ስፖርትን የምንጠላው ስለሚያደክመን ብቻ አልነበረም፤ በማጥናት የማይመጣ ውጤት ስለ ነበረ ነው። ግማሹን ግን በማጥናት እናመጣው ነበር። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 ሜትር በ9 ሜትር። የሴቶች መረብ ከፍታ 2.24 ሜትር፣ የወንዶች 2.43። የእግር ኳስ ጎል ስፋቱ 7.32፣ ቁመቱ 2.44። ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ሳልሳሳት እነግራችኋለሁ። ትምህርት ቤታችን ግን መረብ አልነበረውም። ሁለት ቋሚ እንጨቶች ነበሩ፤ አንደኛው ዘሟል፣ በሁለቱ መካከል የዘበኛው ሚስት ልብስ ታሰጣበታለች። 2.24 ሜትር ማለት በዓይን ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር። የእሷ ገመድ ከዚያ ዝቅ ይል ይመስለኛል።

የተግባር ፈተናው ወደ ፊት ጥቅልል፣ ፑሽ አፕ፣ የርዝመት ዝላይ፣ ከዚያ ሁሉን የሚያስረሳው የ12 ደቂቃ ሩጫ ነበር። ፈተናውን ያወጣው ኬኔት ኩፐር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ያወጣው የወታደሮች ፈተና ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚሸፍነው ርቀት፣ ልቡና ሳንባው ምን ያህል ኦክስጅን ለሰውነቱ ማድረስ እንደሚችሉ ይናገራል። ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ሰዓት፣ የተለካ ሜዳና ሐቀኛ ቆጣሪ ይበቃል። እኛ ሰዓቱ ነበረን።

ሜዳችን አልተለካም፤ አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ድንጋይ ነው ያለው። ቆጣሪው ደግሞ ጓደኛችን ነው። ፊሽካው ስልሳ ሰባት ሰው በአንድ ዓይን መከታተል ስለማይችል ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹ ሲሮጥ ግማሹ ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ለየጓደኛው። የእኔ ቆጣሪ ማን እንደ ነበረች አልናገርም፣ ይህን ታነበዋለች። አምስት ዙር ሮጥኩ፤ አምስተኛውን በእርግጥ ሮጥኩ ማለት ከባድ ነው፣ እየተጎተትኩ ጨረስኩት። የብረቱ ጣዕም የመጣው ያኔ ነው። እሷም ወረቀቱ ላይ በረጋ እጅ «7» ብላ ጻፈች። እኔም በተራዬ ለእሷ ሁለት ዙር መረቅኩላት። የዶክተር ኩፐር ፈተና ደብረ ብርሃን ሲደርስ የሚለካው ልብንና ሳንባን ሳይሆን ጓደኝነትን ነበር።

ባለፈው እሑድ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ስትደውል ይህንኑ አንስተን ስቀናል። የእሷ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ሃያ ሜትር እየተመላለሱ የሚሮጡት ፈተና አለ፤ መቅጃ ድምፅ ይሰጣል፣ ድምፁ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ያልደረሰ ይወጣል። አሜሪካኖቹ በዚህ ነገር የሚጨነቁት ከድሮ ጀምሮ ነው። በነሱው አቆጣጠር በ1950ዎቹ ልጆቻቸው ከአውሮፓ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ደካማ ሆነው ተገኙ ተብሎ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የወጣቶች የአካል ብቃት ምክር ቤት አቋቋመ። በፕሬዚዳንቱ ስም የሚሰጠው ፈተና ደግሞ ከ2013 በኋላ ቀርቶ፣ በ2025 ትራምፕ ይመለስ ብሎ ፈረመ። እህቴ የገረማት ግን ሌላ ነው፤ የልጇ የሩጫ ውጤት ከማርኳ ጋር አይደመርም። «ታዲያ ለምን ይሮጣሉ?» አለችኝ። አብረን ያደግን መሆናችን የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

ፊሽካው ተማሪ ሜዳ ላይ ሲዘረር የሚናገራት አንድ ታሪክ ነበረችው። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከዚያም ሌሎቹ እስኪደርሱ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ሰማይ እያነሳ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ ጉድ አለ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ምስሉንም አይቼዋለሁ። ለእኛ ግን የሚነገረን በርግጫ ቃና ነበር፦ እሱ ቶኪዮ ላይ፣ አንቺ እዚህ ሦስተኛው ዙር ላይ! የከፍታውን ነገር ያኔ ባውቅ ኖሮ አየሩ ስስ ነው ብዬ እከራከር ነበር። ግን እሱም የተለማመደው በዚሁ ስስ አየር ነው፤ ሰበብ እንኳ የሚተርፈን ሕዝብ አይደለንም።

ስለ ደረጃው ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። ይሁን።

ከበሬሳ ወንዝ ማዶ የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር የሚመጡት አብዛኞቹ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ይመለሳሉ፤ እሷ ግን በየቀኑ ትመላለስ ነበር። መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት ጠይቄያት አላውቅም። ኮንጎ ጫማ፣ ከዩኒፎርሙ ቀሚስ ሥር የወንድሟ የሚመስል ሱሪ፣ በላዩ ላይ ነጠላ። ቱታ አልነበራትም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ያለ ቱታና ያለ ሸራ ጫማ አይገባም፤ የተግባር ፈተናም አይያዝም። ቱታ ያላመጣ ተማሪ ስሙ ተጽፎ ዳር ይቀመጣል። እሷም ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የእኛን ሹራብ ትጠብቅ ነበር። እየሮጥን ሲሞቀን አውልቀን እንወረውርላታለን፤ አንድ በአንድ አጣጥፋ በየባለቤቱ ትደረድራለች። የማንኛችን ሹራብ የትኛው እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፣ ተሳስታም አታውቅም።

አንድ ቀን ፊሽካው መዝገቡን መምህራን ክፍል ረስቶት መጣ። ዙሪያውን አየ፤ ሥራ የፈታች እሷ ብቻ ናት። ላካት። መምህራን ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከሜዳው ሌላኛው ጫፍ አልፎ ነው። ኮንጎዋን አውልቃ ድንጋዩ ሥር ገፋ አደረገቻትና ሄደች። እኛ ገና ቁመት በቁመት ሰልፍ እየያዝን፣ «ተጠንቀቅ! አሳርፍ!» እየተባልን ነበር። ስትመለስ ሰልፉ አልተስተካከለም። መዝገቡን በሁለት እጇ አቀረበችለት፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አላየሁም። ፊሽካው ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ባዶ እግሯን አየ። «ጎበዝ» አላት። ከዚያ በእጁ ወደ ድንጋዩ አመለከታት። ሄዳ ተቀመጠች።

በፊሽካው ላይ መፍረድ ድሮ ይቀለኝ ነበር። አሁን አይቀለኝም። አንድ ኳስ፣ አንድ ፊሽካ፣ በየክፍሉ ስልሳ ሰባት ልጅ። ክፍለ ጊዜውን የሒሳብ መምህሩ «ፈተና ደርሷል» ብሎ ሲወስድበት ምንም አይልም፤ ስፖርት ለማትሪክ አይቀርብማ። መመሪያው ቱታ ይላል፣ እሱም ቱታ ይላል። በቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእሱ እጅ አልፈዋል። እሱስ ቱታ ይጠይቅ ነበር? ወይስ እሱም ጠይቆ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችዋን አየት አድርጎ መመሪያውን የረሳበት ቀን ነበረው? በዚህ ጉዳይ ዛሬ ሦስት ጊዜ ቡና ቀዝቅዞብኛል።

ልጅቷ አበበ ቢቂላን ትሆን ነበር እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ሁሌም ባዶ እግር ይኖርበታል፣ መጨረሻው ላይም ሜዳሊያ አለ። ይቺኛዋ ሜዳሊያ የላትም። አሥረኛ ክፍል ላይ አልነበረችም፤ ለምን እንደቀረች የጠየቀም አልነበረም። የስፖርት ውጤቷ አርባ ስንት ነበር። የእኔ ሰማንያ ስድስት። ይህን የማውቀው የክፍል አለቃ ስለ ነበርኩ ነው። ቱታ ያላመጡትን ስም የምጽፈውም እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ።

አሁን የሚያስቀኝ፣ የሚያስቀኝ እንኳ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። ክረምት መውጫ ላይ በሬሳ ሲሞላ ታረፍድ ነበር። ያረፈደ ተማሪ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ የሕዝብ መዝሙር እስኪያበቃ በር ላይ ደርቆ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀጣል። ቅጣቱ ሜዳውን አምስት ዙር ነው። ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ አራት ድንጋይ፣ እኔ በፈተናው ቀን ምላሴ ብረት ብረት እስኪል የተጎተትኩበትን አምስት ዙር። እሷ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በቀሚሷ፣ በኮንጎዋ ትሮጠው ነበር። ለቅጣት ቱታ አያስፈልግም።

እሷ ስትሮጥ እኛ ሰልፍ ላይ ቆመን ምክትል ርዕሰ መምህሩን እናዳምጣለን። ንግግሩ የማይለወጥ ነው፦ ፀጉር፣ ዩኒፎርም፣ የተሰበረ ወንበር፣ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ፣ በመጨረሻ «የነገ አገር ተረካቢ» የምትለዋ። «ተረካቢ» ሲል እሷ ጨርሳ ከሰልፉ ኋላ ትቆማለች። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ዞር ብዬ ሳያት የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነክቶት ነበር። ሰዓት የያዘላት ሰው ግን የለም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ንግግሩን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ብናገረው ሰዓቷን አገኘዋለሁ ማለት ነው። የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ከፍቼ ሳሎን መሃል ተጠንቀቅ ቆምኩና ከፀጉር ጀመርኩ። የምክትል ርዕሰ መምህሩን ሳል እንኳ አልዘለልኩም። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ስደርስ እንደ እሱ ጣቴን አንስቼ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት በነጠላ ጫማ ወጣ።

«ማንን ነው የምትቆጪው በዚህ ሌሊት?»

«ያረፈዱትን» አልኩት።

በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት ሲያየኝ ቆየ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንሂድ የሚል ዓይን ነው። ምንም ሳይል ተመለሰ። እኔም ከየት እንዳቋረጥኩ ጠፍቶብኝ፣ ከተሰበረው ወንበር ልጀምር ከግድግዳው ሳስብ ቆየሁ። ስልኬን ሳነሳው አሥራ አንድ ደቂቃ አልፎታል፤ አሁንም ይቆጥራል።