ሻንጣው፣ ባጃጁና የወንድሜ ደም

ስለ ወሊድ ከልጅነቴ የማስታውሰው ፍራሽ ነው። 1990 ዓ.ም.፣ ሐረር። ሰባት ዓመቴ ነበር። እማዬ ታናሽ ወንድሜን ቤት ውስጥ ወለደችው። ሌሊት ጎረቤት ሲሯሯጥ እሰማለሁ። ሲነጋ እማዬ የለችም። ፍራሿ ታጥቦ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፏል። ውሃው ገና ይንጠባጠባል፣ መሀሉ ላይ ያለው ቡኒ ነገር ግን አልለቀቀም። እማዬ ደም ፈሷት ሆስፒታል ገብታ ነበር። አጎቴ ደም ሰጥቷት ተረፈች።

አምና እኔ ሳረግዝ ሰው ሁሉ "ምጡን ፈርተሽ ነው፣ አይዞሽ" ይለኛል። እኔ ምጡን አልነበረም የፈራሁት። ከምጡ በኋላ ያለውን ነው።

ክትትል በጀመርኩበት ቦታ ይህንኑ ብጠይቅ "አሁን ይሄን ምን አሳሰበሽ?" ብለው ሸኙኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ። ሌላ ጤና ጣቢያ ቀየርኩ። እዚያ ያገኘኋት አዋላጅ ነርስ ጥያቄዬን ሰምታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መዳፏን ዘርግታ ቀስ እያለች ጨበጠችው። "ልጁና እንግዴ ልጁ ሲወጡ ማህፀን እንዲህ ይጨበጣል" አለችኝ። "እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ ላይ ያሉት የደም ስሮች የሚዘጉት ማህፀን ሲጨበጥ ነው። ካልተጨበጠ ደም ይፈሳል። ለዚህ ነው ልጁ እንደወጣ ጭንሽ ላይ መርፌ የምንወጋሽ። ልጅሽን ቶሎ ማጥባትሽም ያግዛል።"

ያን ቀን ቤት ስገባ ለባሌ በጭብጤ እያሳየሁ አስረዳሁት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር እንዴት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያቆመው አወቅኩ። ፍርሃቱ ጨርሶ አልሄደም። ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

እሷው ናት ሌሎቹንም ጥያቄዎች የጠየቀችኝ። የደም ዓይነትሽ ምንድን ነው? ደም ካስፈለገ ማን ይሰጥሻል? በሌሊት በምን ትመጫለሽ? አብሮሽ ማን ይገባል? አንዱንም አልመለስኩም። "በሚቀጥለው ስትመጪ መልሱን ይዘሽ ነይ" አለችኝ።

ደሙን ለታናሽ ወንድሜ ነገርኩት። ያ በ1990 የተወለደው ልጅ አሁን ደም ባንክ የታወቀ ለጋሽ ነው፤ በየሦስት ወሩ ይሰጣል። የደም ዓይነታችንም አንድ ነው። የመውለጃ ቀኔ ሐምሌ 22 ነው ስለው በጣቱ ቆጠረ። "በሚያዝያ መጀመሪያ እሰጥና እስከዚያ እቆያለሁ፣ ሦስት ወሩ ይሞላል" አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ባጃጁ የበለጠ አስቸገረን። እኛ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው፤ የምወልደው ከዴቻቱ ወንዝ ማዶ። የድሬ ሰው ዴቻቱን ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ግን ድሬ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ደጋው ከዘነበ ጎርፉ ከተፍ ይላል። የ1998ቱን ማን ይረሳል! ባሌ መንደራችን የሚያድረውን ባጃጅ ነጂ አነጋገረው። በሌሊት አብረን ሄደን መንገዱን ሞከርነው፣ በድልድዩ ብቻ፣ በአቋራጭ አሸዋ ለአሸዋ የለም። የሁለተኛ ነጂ ስልክም ያዝን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን በሩ ጀርባ ላይ ጻፍነው። እዚያው ሥር አዋላጇ ያለችኝን ጨመርኩ፦ ደም ካየሁ፣ ራሴን በጣም ካመመኝና ዓይኔ ከደበዘዘ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ከቀነሰ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ደቂቃ አልቆጥርም፣ ወዲያው እሄዳለሁ።

ሻንጣው ቀላሉ ነው። ሐምሌ ሳይገባ በር ሥር ተቀመጠ። የክትትል ካርድ፣ መታወቂያ፣ ብር፣ ሞዴስ፣ ከታይዋን ገበያ የገዛኋቸው የሕፃን ልብሶች። ለራሴ ሁለት ድሪያ፤ በዚያ ሙቀት ሌላ ልብስ አይታሰብም። ለልጁ ግን ኮፍያና ወፍራም ፎጣ። በድሬ ሙቀት ኮፍያ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። አራስ ልጅ እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ቶሎ ይበርደዋል አሉኝ።

እማዬ ሐምሌ መጀመሪያ በደንገጎ ቁልቁለት ወረደች። የገብስ ዱቄት፣ ቅቤና ማር ተሸክማ። በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሳትሳለም አትቀርም። አምና ቀረች። "እሱ ያውቃል" አለች። ቡና ላይ ሴቶቹ የምጥ ታሪካቸውን ሲጀምሩ ግን እሷም ትጨምራለች። አንድ ቀን "እማዬ፣ በናትሽ፣ ከወለድኩ በኋላ ንገሩኝ" አልኳት። ደነገጠች። ያቺ ፍራሽ ትዝ እንደምትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነገርኳት። ስኒውን አስቀምጣ ጉልበቴን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ቡና ላይ የምጥ ወሬ አልተነሳም።

ሐምሌ 20 ማታ ወገቤን ጨመደደኝ። የውሸት ምጥ ከዚያ በፊት ሁለቴ አታሎኛል፤ ስራመድ ይጠፋ ነበር። ይሄኛው ስራመድ ባሰበት። ባሌ ደብተር አወጣና ሰዓት መጻፍ ጀመረ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ ሆዮ የምንላቸው፣ ድምፅ ሰምተው መጡ። ሰባት ወልደዋል። "አቦ ተነሽ፣ ተራመጂ! ጩኸትሽን ለኋላ አስቀምጪው፣ ጉልበት ነው" አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ሲመጣ ግድግዳ ተደግፌ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ሲለቀኝ አጥሚት እጎነጫለሁ። መብራት ሲጠፋ እንኳ አላቆምንም።

ምጡ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ አንድ ደቂቃ ይቆይ ጀመር። እንደዚያ አንድ ሰዓት ሲሞላው ባጃጁ ተጠራ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በድልድዩ ተሻገርን። ከታች ጥቁር ውሃ ይሄዳል።

እማዬ አብራኝ እንድትገባ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፣ ፈቀዱላት። ስለ መጨረሻው ሰዓት ብዙ አልጽፍም፣ ከባድ ነበር። "ማርያም ማርያም" የምትለው ድምጿ እንጂ ሌላው ተደበላልቆብኛል። ልጄ ደረቴ ላይ ስታርፍ ግን ጭኔ ላይ መርፌው ሲገባ በደንብ ተሰማኝ። "መርፌው ነው?" አልኩ። "መርፌው ነው" አለች አዋላጇ። እማዬ የአልጋውን አንሶላ አየች። ደግማ አየች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ወንበር ላይ ውሃ እየጠጣ ተቀምጧል። ጠዋት ባሌ ወጥቶ ደህና ናት፣ ደም አላስፈለጋትም አለው። ሊያየኝ ይገባል ብዬ ብጠብቅ ጠፋ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ልጄን ሊታቀፍ እጅጌውን ሲሰበስብ ክንዱ ላይ ፕላስተር አየሁ።