ከአልጋ ሥር የወጣው አገልግል

የአያቴን ታሪክ ለመቅዳት ስነሣ የመጀመሪያውን ቀን አበላሸሁት። ስልኬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ፣ «እማማ፣ ስንት ጋሻ መሬት ነበራችሁ?» አልኳቸው። ዝም። በደርግ ጊዜ እንዲህ የሚጠይቅ ቀበሌ ነበር። ስኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

በሁለተኛው ቀን መሬቱን ትቼ ማድቤቱን ያዝኩ። ለፋሲካ ስንት እንስራ ጠላ ይጠመቅ ነበር? ይኼኔ ወሬው መጣ። አርሲ ውስጥ ጭላሎ የነበረው ግቢ፣ አባታቸው ግራዝማች፣ እኩሌታውን እህል በአህያ ጭኖ የሚያራግፈው ጭሰኛ። ከዚያ ከአልጋ ሥር አገልግል ጎተቱ። ውስጡ ያለው የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። ዳሩን አይጥ በልቶታል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ደርግ ሲወድቅ «ይመለስ ይሆናል» ብለው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ደረሰኙን ግን አልጣሉትም።

እሳቸው እንደሚሉት ቤቱ የፈረሰው በአንድ ቀን ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ደርግ የገጠር መሬትን ከባለመሬቶች የወሰደበት አዋጅ የታወጀ ዕለት። አዋጁ የፈቀደው ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 10 ሄክታር፣ ሩብ ጋሻ መሆኑ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ በዚያው መሬት ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ «መሬት ላራሹ» እያለ ሰልፍ ይወጣ ነበር። (እማማ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም።)

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ደግነቱ አሰላ ሄጄ የአንድ ጭሰኛ ልጅ አገኘሁ። አሁን ሽማግሌ ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ፣ «ለእኛ የካቲት አይደለም መጀመሪያው፣ ትራክተሩ ነው» አሉኝ።

በ1960 ገደማ በስዊድን ርዳታ ካዱ የሚባል የልማት ድርጅት ጭላሎ ገባ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲመጣ ግን ስንዴ አዋጣ፤ ብዙ ባለመሬት ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ። የሽማግሌው አባትም በሬዎቻቸውን ነድተው ወጡ። አዋጁ ሲታወጅ ለግራዝማች የሚቆረቆር ሰው በአካባቢው አልቀረም። ያንን ሰው ግራዝማች ራሳቸው ቀድመው አባረውታል። ሽማግሌውን ባላገኛቸው ኖሮ የጻፍኩት ለቅሶ ብቻ በሆነ ነበር።

የሽማግሌውን ቅጂ ለእማማ አሰማኋቸው። ትራክተር የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሽማግሌው «ቀይ ነበር» ሲሉ እማማ እጃቸውን አነሡ።

«ሰማያዊ ነው» አሉ። «ቀይ አልነበረም።»