ቀይ ስርን ከኬጂ ልጆች ጋር መሥራት

ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች አዲስ አትክልት ሲያዩ ፊታቸውን ቢያዞሩ አመፀኞች ሆነው አይደለም፤ የማያውቁትን ምግብ መፍራት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ምክርም ልመናም ብዙ አይረዳም። የሚረዳው በእጃቸው መንካት፣ ማሽተት፣ መቁረጥ ነው። ለጀማሪ ክፍል ቀይ ስርን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ በየጉልቱ ይገኛል፣ ለመላጥ ቢላ አይፈልግም፣ ከድንችና ከካሮት ጋር የምንሠራው ሰላጣም የጾም ስለሆነ በየትኛውም ቀን ይሠራል።

ለ12 ልጆች 4 መካከለኛ ቀይ ስር (600 ግራም ገደማ)፣ 3 ድንች፣ 2 ካሮት፣ የ1 ትልቅ ሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ሽንኩርትና ቃሪያ በመጀመሪያው ቀን ይቅሩ፤ አፉን ያቃጠለው ልጅ ጥፋቱን ቀይ ስሩ ላይ ያደርገዋል።

ቅቀላው ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ይለቅ። ቀይ ስሩ ታጥቦ፣ ሳይላጥ፣ ጭራው ሳይቆረጥ፣ ከአገዳውም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶለት ይቀቀል። ከተቆረጠ ቀለሙ ውኃው ውስጥ ይቀርና ገርጥቶ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቆላ ከሚወስደው ጊዜ በላይ ይፈልጋል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ መድቡለትና ሹካ እስከ መሐሉ ያለ ትግል ሲገባ አውጡት። ካሮቱም በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ካሮት በክብ ተቆርጦ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፣ ያንቃል።

ዋናው ሥራ ልጣጩ ላይ ነው። ቀይ ስሩ ለብ ሲል ለሁለት ለሁለት ልጅ አንዳንድ ግማሽ ስጡ። በአውራ ጣት ሲገፉት ልጣጩ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ጣታቸውም ይቀላል፤ ሊነካ የማይፈልገው ልጅ እንኳ ጓደኛው ሲገፋ አይቶ ጣቱን ይሰዳል። አልላጥ ካለ ወይ አልበሰለም ወይ ፈጽሞ ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ አንጥፉ፣ የደንብ ልብሱን በአሮጌ ቲሸርት ሸፍኑ።

«አፈር አፈር ይላል» የሚል ልጅ አይጠፋም። «አይልም» አትበሉት፤ እውነቱን ነው። ሽታው የሚመጣው ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ይበልጥ ያለው ልጣጩ አካባቢ ሲሆን ሎሚ ያለዝበዋል። ስለዚህ ሳይላጥ ያሽትቱት፣ ተልጦ ያሽትቱት፣ ሎሚ ከተጨመቀበት በኋላ ደግሞ ያሽትቱት። ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩታል።

መቁረጡ ጥርስ በሌለው የገበታ ቢላ ይሁን፤ ለ4 ወይም ለ5 ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ድንቹን መጀመሪያ በዘይት አሹት፣ ቀይ ስሩን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ያኔ ድንቹ ቶሎ አይቀላም፣ ልጆቹም ቀለሙ እንዴት እየገባ እንደሚሄድ በዓይናቸው ያያሉ።

ቅምሻው ላይ ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት ጉርሻ ላይ ነው። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፤ አፉ ውስጥ የተጨመረለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ከንፈሩን ይገጥማል። በየሳህኑ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ቁራጭ አስቀምጡና ተዉት። ቢልሰው ቅምሻ ነው፤ ቢተፋው መሐረብ ስጡት፣ አታሞግሱትም፣ አትቆጡትም። አብዛኛው ልጅ አንድን አትክልት ለመልመድ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ መቅመስ አለበት። በየሳምንቱ አዲስ አትክልት ከማፈራረቅ ይልቅ ያንኑ ቀይ ስር በተከታታይ ሳምንታት መመለስ ይሻላል።

ለወላጆች በዚያው ቀን መልእክት ላኩ፦ የልጁ ሽንት ወይም ሰገራ ቢቀላ ከቀይ ስሩ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ይህ ካልተነገረ የደነገጠ ወላጅ ማታውኑ ይደውላል።

ቀይ ስር ከለመዱ ቀጣዩ ቆስጣ ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው። ቅጠሉን ከአገዳው ልጆቹ በእጃቸው ይቅደዱት፣ አገዳው ቀድሞ 3 ደቂቃ ይቀቀል፣ ከዚያ ቅጠሉ ይጨመር። ጥርስ ላይ የሚሻክራቸው በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ የተቀቀለበትን ውኃ ድፉት፣ ቅጠሉን ጨምቁት፣ አድቅቃችሁ ከትፉት።