ከኮምቦልቻ የሚነሡ ሕዋሳት፦ የአራተኛ ወር ማስታወሻ

ሥራዬ የሕክምና ምስል ማንሣት ነው፤ ማንበቡ የማታ ትምህርቴ ነው። ባለፈው ወር «የአንጎል ኤምአርአይ ማንበብ ለመድኩ» ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። ቃሌን አንሥቻለሁ።

የደሴ ጉም መስኮቱን በሸፈነበት ምሽት ሃያ የመማሪያ ምስሎች ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው አንጎል ላዩ ልሙጥ ነው፤ እጥፋቱ ጠፍቷል። ሳልውል ሳላድር ጥፋቱ «ሊስ-1» የተባለው ዘረ መል ነው ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ቱብኤ1ኤ፣ ቱቡሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራ ሌላ ዘረ መል፣ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛውንም ሰባተኛውንም እንዲሁ ሳትኩ። ለነገሩ መጽሐፌ አሮጌ ነው፦ ሊስ-1 የታወቀው በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቱብኤ1ኤ ከልሙጥ አንጎል ጋር የተያያዘው በ2007 ነው።

ወደ መነሻው ተመለስኩ። በፅንስ ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት ከቬንትሪክሉ (በአንጎል መሃል ካለው ፈሳሽ የያዘ ክፍተት) ዳር ተወልደው ወደ ቅርፊቱ፣ ወደ አንጎል የላይኛው ንጣፍ፣ ይወጣሉ። እኔ ይህን በአእምሮዬ የያዝኩት ጭነት ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ አይሱዙ መኪና መስዬ ነው፦ ኮምቦልቻ የቬንትሪክሉ ዳር፣ ደሴ ቅርፊቱ። የፊላሚን-ኤ ዘረ መል ሲበላሽ አንዳንዱ ከኮምቦልቻ ሳይነሣ ይቀራል፤ በቬንትሪክሉ ዳር እንደ ጉብታ ተደርድሮ ይታያል። የደብልኮርቲን ዘረ መል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ፣ ሲበላሽ ሁለት ኤክስ ባላቸው በሴቶች ከፊሉ ሕዋስ በጤናማው እየተመራ ደሴ ይገባል፣ ከፊሉ ዳገቱ ላይ ይቆማል፤ ከቅርፊቱ ሥር ሁለተኛ ቅርፊት የሚመስል ቀበቶ ይሠራል። ምሳሌዬ የሚያነክሰው እዚህ ነው፦ ዘግይተው የተነሡት ሕዋሳት ቀድመው የደረሱትን አልፈው ከላይ ይሰፍራሉ። በመናኸሪያ ወረፋ ቢሆን ጠብ ይነሣ ነበር።

ቱቡሊን ግን ራሱ የሕዋሱ አጽም ነው። አልፋና ቤታ ቱቡሊን ተጋጥመው ማይክሮቱቡል የተባለ ቀጭን ቱቦ ይሆናሉ፤ ሕዋሱ ሲጓዝ ኒውክለሱን (ዘረ መሉን የያዘውን እምብርቱን) የሚስበው፣ አክሰኑንም (ረጅሙን የነርቭ ክር) የሚዘረጋው በእርሱ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ቅርፊቱ ላይ አያበቃም። በጤናማ አንጎል ኮዴትንና ፑታሜንን፣ በአንጎል መሃል ያሉትን ሁለት የሕዋስ ክምችቶች፣ ኢንተርናል ካፕሱል የተባለው የነርቭ ክሮች ጥቅል ይለያቸዋል፤ በቱቡሊን ችግር የፊተኛው ክፍሉ በወጉ ስለማይታይ ሁለቱ ተዋሕደው ይድቦለቦላሉ፣ የቬንትሪክሉም የፊት ቀንድ መንጠቆ ይመስላል። የሳትኳቸው ሦስቱም ምስሎች ይህን በግልጽ ያሳዩ ነበር! እኔ ዳር ዳሩን ስመለከት መሃሉን ዘለልኩት። አሁን ቅርፊቱን በወረቀት ሸፍኜ ከመሃል እጀምራለሁ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የዘረ መል ምርመራ መሆኑ እንዳለ ነው።

አንድ ነገር ገና ያስቸግረኛል። በቱቡሊን ችግር የአንጎል ግንድ ግራና ቀኙ ላይመጣጠን ይችላል። አሥራ ሁለተኛው ምስል ላይ ይህን አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካ የልጁ ጭንቅላት ዘመም ብሎ ነው የተነሣው። እንደ እኔ ምስል የሚያነሣ ሰው ይህን መሳቱ ያሳፍራል። አሁን ሁለቱ የውስጥ ጆሮዎች በአንድ ምስል ላይ እኩል መታየታቸውን ሳላረጋግጥ ስለ ግንዱ አልጽፍም።